አፍላተስ እና አፍላ

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። በቅርቡ በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የሚጠራውን ራምቦ ቤት ያስጎበኘኋቸው አንድ አዛውንት፣ «ገጣሚው እዚህ ሲደርስ አፍላተሱ ርቆት ነበር» አሉኝ። የላቲን ቃል መሆኑን ነግረውኝ ሳያብራሩልኝ ሄዱ። ባልደረባዬ «የእኛው አፍላ ነው» ይላል። እውነት ነውን? በአማርኛስ ምን ልበለው?

መልስ፦ አርተር ራምቦ ግጥም የተወው በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ሲሆን ለንግድ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነውና፣ «አፍላው አልፎ ነበር» ቢባል ያስኬዳል። ቃላቱ ግን አይዛመዱም። አፍላ ወገኑ ከ«ፈላ» ነው፤ አፍላተስ ደግሞ «ወደ» ከሚለው «አድ» እና «እፍ ማለት» ከሚለው «ፍላሬ» የተገኘ ስም በመሆኑ፣ በጥሬው ከውጭ እፍ የተባለ ትንፋሽ፣ በምሳሌያዊ ፍችው ደግሞ ገጣሚን የሚያነሳሳ ኃይል ማለት ነው። ለግጥም ያዋለው ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት ስለ ንግግር ጥበብ ሲጽፍ፣ እብደት የሚመስል እስትንፋስ ያልነካው ሰው ጥሩ ገጣሚ እንደማይሆን የሚገልጸውን የቀደምት ፈላስፎች ሐሳብ አስፍሯል። የገበያው «ኢንፍሌሽን» ከዚሁ «ፍላሬ» የወጣ ሲሆን፣ ሐኪሞች «ፍላተስ» የሚሉት ግን የአንጀት አየርን ስለሆነ፣ አዛውንቱ የመጀመሪያዋን «አ» ቢውጧት ኖሮ ወሬው ሌላ በሆነ ነበር።

ትንፋሽንና መንፈስን በአንድ ሥር ማሰር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስና መንፈስ ሁሉም ከ«ነፈሰ» ጋር ይሄዳሉ፤ እዚያው ሐረር የሚሰማው የኦሮምኛው «ሐፉራ» ለትንፋሽም ለመንፈስም ያገለግላል፤ በዐረብኛም «ሩሕ» መንፈስ፣ «ሪሕ» ነፋስ ነው። ዘፍጥረት 2፥7 ላይ አምላክ በሰው አፍንጫ የሕይወት እስትንፋስን «እፍ አለበት» የሚለው አነጋገር፣ ለአፍላተስ ጥሬ ፍች ከየትኛውም የውሰት ቃል ይልቅ ይቀርባል።

ስለዚህ «የግጥም እስትንፋስ» ቢሉ እመርጣለሁ። «ተነሳሽነት» ከራስ የሚመነጭ ስለሚመስል ከውጭ የሚመጣውን ትንፋሽ ያስቀራል፤ «መንፈስ ሰፈረበት» ካሉ ደግሞ ጎብኚው ስለ ዛር የሚያወሩ ይመስለዋል። በዛሬ አጠቃቀም አፍላተስ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሽሙጥ ቃና ስላለው፣ አዛውንቱ ያን ሲሉ ፈገግ ብለው እንደ ነበር ያስታውሱ እንደሆን ይሞክሩ።