ሰሌክት ተደርጎ ፊደል ሲነካ፦ ይጥፋ ወይስ ይቆይ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከሁለት ጓደኞችህ ጋር ለአማርኛ የሚሆን ቀለል ያለ ቴክስት ኤዲተር (የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም) እየሠራችሁ ነው። ያላግባባችሁ አንድ ነገር ነው። ሰው ጽሑፍ ሰሌክት አድርጎ ፊደል ሲጫን የተመረጠው ጠፍቶ አዲሱ ይተካ? ወይስ የተመረጠው ሳይነካ አዲሱ ከጎኑ ይግባ? አንተ «ይተካ» ትላለህ። ኢማክስ የሚባለውን የቆየ ኤዲተር የለመደው ጓደኛህ «ሰው ሳያዝዝ ምንም ነገር አይጥፋበት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ሴቲንግ ውስጥ እናስገባውና የፈለገ የፈለገውን ይምረጥ» ብሎ ሊያስታርቃችሁ ይሞክራል።

እኔ ጎንደር ፒያሳ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ ከጀመርኩ 12 ዓመቴ ነው። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም በእጃችን ያልፋል። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ይተካ። ከአንተ ጋር ነኝ። ነገር ግን ሌሎቹ ሁለቱ የሚሉትን ንቃችሁ አትለፉ።

ከአስታራቂው ልጀምር። እኛ ቤት አንድ ኮምፒውተር ላይ በቀን አራት አምስት ሰው ይፈራረቃል። ሴቲንግ የሚከፍት ግን የለም። ጊዜውም የለም፣ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም የሚያውቅ የለም። አንዷ ጠዋት ለራሷ ብትቀይረው እንኳ ከሰዓት የምትገባዋ ጉድ ትሆናለች። ጣቷ የለመደው ሌላ ነውና። ስለዚህ ሴቲንጉ ይኑር፣ ክፋት የለውም። ጥያቄውን ግን አይመልስላችሁም። ዲፎልት ያደረጋችሁት፣ ማለትም ማንም ሴቲንግ ሳይነካ የሚያገኘው ነገር፣ ለአብዛኛው ሰው ያለው አሠራር እሱ ብቻ ነው።

የኢማክሱ ጓደኛህ ስጋት ይገባኛል። እኔም አንድ ጊዜ እንደሱ አስቤ ነበር። ሰኔ ላይ ነው፣ ተማሪ ሁሉ በሚሯሯጥበት ሰሞን። አንዷ ጸሐፊያችን ስልሳ ገጽ የሚሆን የመመረቂያ ጽሑፍ ጨርሳ ፎንቱን ልትቀይር ኮንትሮል ኤ ተጫነች። ሁሉም ተመረጠ። ዞር ስትል እጇ ኪቦርዱን ነካው። ስልሳው ገጽ ጠፍቶ አንዲት «ስ» ብቻ ቀረች። ደነገጠች። በድንጋጤ እጇ የለመደውን ሠራ፤ ሴቭ አደረገችው። የጠፋውን የሚመልሰው ኮንትሮል ዜድ ትዝ ሲላት መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ፋይሉን ከፈትነው፤ ያችው «ስ» ናት። ወደ ኋላ የመመለሻው ታሪክ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ጠፍቷል። ተማሪው ፍላሹ ላይ የቀደመ ቅጂ ነበረው፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ግን አልነበረበትም። ሌሊቱን ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው።

ይኼ አደጋ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዜሮክስ ፓርክ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል ውስጥ ብራቮ የሚባል ኤዲተር ነበር። ብራቮ ላይ ፊደል መጫን ትእዛዝ መስጠት ነበር። ለመጻፍ መጀመሪያ ማስገቢያውን ትእዛዝ ማዘዝ ግድ ነው። አንድ ሰው ይህን ረስቶ «ኢዲት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ቢጽፍ፣ ኢ ሁሉንም ይመርጣል፣ ዲ ያጠፋል፣ አይ ማስገባት ይጀምራል፣ የምትቀረው ቲ ብቻዋን ትጻፋለች። ሙሉው ሰነድ በአንዲት ፊደል ተተካ ማለት ነው። እዚያው ይሠራ የነበረው ላሪ ቴስለር ከቲም ሞት ጋር ጂፕሲ የሚባለውን ኤዲተር ሲሠራ መፍትሔ ብሎ የያዘው አንድ ቁልፍ አንዴ ፊደል አንዴ ትእዛዝ የሚሆንባቸውን ልዩ ልዩ ሁኔታዎች (ሞድ የሚባሉትን) ማስወገድን ነው። ፊደል ሲጫኑ ሁልጊዜ ፊደል ይጻፍ፣ በቃ። ሰውየው በዚህ ነገር ከልቡ ስለነበር የመኪናው ታርጋ ሳይቀር «ኖ ሞድስ» ይል ነበር።

ወደ ጎንደር ልመለስ። ከዚያ አደጋ በኋላ የወንድሜ ልጅ ኢማክስ ጫነልኝ። የግእዝ ፊደል መጻፊያ አብሮት ስላለ ደስ ብሎኝ ነበር። ኢማክስ ላይ ዲፎልቱ ጓደኛህ እንደሚለው ነው፤ ሰሌክት አድርገህ ብትጽፍ የተመረጠው አይጠፋም። ሁለት ወር ያህል ረቂቅ ደብዳቤና ውል በእሱ ጻፍን። የጠፋብን ነገር የለም። የተረፈብን ግን መዓት ነው! አንድ የቤት ኪራይ ውል ላይ ስምንት ሺህ የሚለው ወደ ዘጠኝ ሺህ መቀየር ነበረበት። ልጅቷ እንደ ልማዷ መርጣ ጻፈችበት። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ «ስምንት ሺህ ዘጠኝ ሺህ ብር» ይላል። አከራይና ተከራይ ሊፈርሙ ብዕር ካነሱ በኋላ ነው ተከራዩ ያየው። ባያየውስ?

ሐሳቤን የቀየረው ይህ ነው። ጽሑፍ ሲጠፋ ወዲያው ታያለህ። ትጮኻለህ፣ ኮንትሮል ዜድ ትላለህ፣ ትመልሳለህ። ሳይጠፋ የቀረ አሮጌ ቃል ግን ማንም ሳያየው ማኅተም ድረስ ይሄዳል። ለኢማክስ ሰው ይህ ችግር አይደለም። እሱ ጽሑፍ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ቦታ ለመያዝና ትእዛዝ ለመስጠት ነው፣ በላዩ ለመጻፍ አይደለም። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢማክስ የተመረጠውን በቀለም ያሳያል፣ የመተካቱን ነገር ግን አሁንም የፈለገ ሰው ራሱ ነው የሚከፍተው። በራሱ ቤት ትክክል ነው። የእናንተ ተጠቃሚ ግን ከማይክሮሶፍት ወርድና ከስልክ ነው የሚመጣው። እዚያ ደግሞ መምረጥ ማለት «ይህን ልቀይረው ነው» ማለት ነው።

እንግዲህ ይተካ ካላችሁ የመመለሻውን ነገር እንደ ዋና ሥራ ያዙት። አማርኛ ስንጽፍ «ሰ» በአንድ ምት አይመጣም። መጀመሪያ «ስ» ትወጣለች፣ ቀጥሎ አናባቢው ሲመታ «ሰ» ትሆናለች። እኛ ቤት ያየሁት ፕሮግራም እያንዳንዷን ምት ለብቻ ይቆጥራል። ጸሐፊዋ አንዴ ኮንትሮል ዜድ ስትል «ሰ» ወደ «ስ» ብቻ ትመለሳለች። ገጹ ባዶ እንደሆነ ነው። «አልመለስ አለኝ» ብላ ታቆማለች። እናንተ የተመረጠውን ማጥፋትና የመጀመሪያዋን ሙሉ ፊደል አንድ እርምጃ አድርጓቸው። አንድ ኮንትሮል ዜድ፣ ሁሉም ይመለስ። ታሪኩንም ዲስክ ላይ አስቀምጡት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዲገኝ። ከአንድ ገጽ በላይ የሆነ ነገር በአንዲት ፊደል ሲተካ ደግሞ ከታች ጥግ ላይ «ይህን ያህል ቃል ተተክቷል፣ መልስ» የሚል ትንሽ መስመር ይውጣ። ሥራ የሚያስቆም የማስጠንቀቂያ ሳጥን ግን አደራ! በሦስተኛው ቀን ሳያነቡ እሺ ነው የሚሉት።

አሁን ሳትጠይቅ ወደቀረኸው ልግባ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ዳብል ክሊክ ሲደረግ ምን ይመረጥ? «ቃል» ትሉኛላችሁ። የቱ ቃል?

ጎንደር የአቋቋም አገር ናት። መሪጌቶች ጽሑፍ ይዘውልን ይመጣሉ። እነሱ ጋ ቃልና ቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ (፡) ነው፣ በባዶ ቦታ አይደለም። ቪ ኤስ ኮድ በሚባለው የፕሮግራመሮች ኤዲተር ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከፍታችሁ አንድ ቃል ላይ ዳብል ክሊክ አድርጉ፤ መስመሩን በሙሉ ይዞት ይነሳል። ቃል ከፋይ ብሎ በዲፎልት የያዘው ዝርዝር ከእንግሊዝኛ ኪቦርድ የመጣ ነው። ሁለት ነጥብ የለበትም፣ አራት ነጥብም የለበትም። ስለዚህ በአሁኑ አጻጻፍ እንኳ የዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል ስትመርጥ አራት ነጥቡ ተለጥፎ ይመጣል። በላዩ ስትጽፍ አራት ነጥቡም ሄደ። ዝርዝሩ ሴቲንግ ውስጥ ይስተካከላል፤ ግን ማን ያውቃል? ፊደላችንና ሥርዓተ ነጥቡ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የዓለም ፊደላት ዝርዝር) ውስጥ የገቡት በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። የእናንተ ኤዲተር ከመጀመሪያው ቀን ይወቃቸው።

ሌላም አለ። «ከጎንደርም» የሚለውን «ከአዘዞም» ልታደርገው ፈለግህ እንበል። ዳብል ክሊክ ብለህ «አዘዞ» ብትጽፍ «ከ» እና «ም» አብረው ይጠፋሉ። አማርኛ ላይ ስንመርጥ ብዙ ጊዜ የምንፈልገው የቃሉን ውስጥ ነው። ወርድ ደግሞ ከአንድ ቃል አልፈህ ስትጎትት ሙሉ ቃል እየዘለለ የሚመርጥበት አሠራር በዲፎልት ክፍት ነው። እኔ አዲስ ማሽን ሲገባ መጀመሪያ የምዘጋው እሱን ነው። እናንተ ጋ በማውስ ሲጎተት ፊደል በፊደል ይሂድ። «ቤቱ» ላይ መነሻውን «ቤት» ለይቶ መምረጥ አይቻልም፣ «ቱ» አንድ ፊደል ናትና። እሱን ማንም አይፈታውም፣ እንደገና መጻፍ ነው። ቅጥያው ለብቻው የቆመበት ላይ ግን ሰውን አታስቸግሩት።

ፕሮግራሙ ሲደርስ ላኩልኝ። ሁለት ማሽን ላይ እጭነዋለሁ። አንዱ ላይ መሪጌታው ባለ ሁለት ነጥቡን ጽሑፍ ያሠራሉ፣ ሌላው ላይ ልጆቹ ውል ይጽፋሉ። በየቀኑ ስንት ጊዜ ኮንትሮል ዜድ እንዳሉና ምን ሊመልሱ እንደነበር መዝግቤ እልክላችኋለሁ።