ጎማው ላይ የተጻፈው ምን ይላል? የድሬና የሐረር ሹፌሮች ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ጎማ ስፈታና ስገጥም ዓመታት አልፈዋል። ስለ ጎማ ግራ የገባችሁን ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጎማዬ ላይ 185/65 አር 15፣ ቀጥሎ 88 ኤች ይላል። ምንድን ነው?

መልስ፦ 185 ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 120 ሚሊሜትር ገደማ። አር ራዲያል ነው፤ የጎማው የውስጥ ክሮች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው የተዘረጉበት አሠራር ማለት ነው። 15 የቸርኬው ልክ በኢንች። 88 ሲል አንዱ ጎማ እስከ 560 ኪሎ ይችላል። ኤች ደግሞ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

ጥያቄ፦ የቪትዜ ጎማ 165/70 አር 14 ነው። ያገኘሁት 175/65 አር 14 ነው። ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ሙሉ ቁመታቸው 587 እና 583 ሚሊሜትር ነው፣ አይራራቁም። የክብደት ቁጥሩ ከድሮው እንዳያንስ ብቻ እይ። 185/70 ቢሉህ ግን እምቢ በል። ቆጣሪህ 80 ሲል አንተ 84 ላይ ነህ። መሪ ስትጠመዝዝም ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሚኒባስ ላይ የቤት መኪና ጎማ ብገጥምስ?

መልስ፦ አቦ፣ ተው! የሚኒባስ ጎማ ላይ 106 የሚል ታገኛለህ፣ 950 ኪሎ ነው። 560 የሚችለውን አስገብተህ ሰው አትጫን።

ጥያቄ፦ ሐረር ያገለገለ ጎማ ልገዛ ነው። ጥርሱ ሙሉ ነው። ሻጩ «የ2012 ነው» አለኝ። 1612 የሚል ቁጥርም አሳየኝ።

መልስ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ያ ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 16 ሳምንቱ፣ 12 ዓመቱ። በእኛ ሚያዝያ 2004 የተሠራ ጎማ ነው። ሻጩም ሳያውቅ ሊሆን ይችላል፤ የስምንት ዓመት ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። ጥርሱ አያታልልህ። ጎማውን በአውራ ጣትህ ጫን ብለህ የጥርሱን ሥርና ጎኑን እይ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካየህ ተወው። ቁጥሩ ባንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ገልብጠህ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ከድሬ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ስወጣ ጎማው ይግላል። ንፋስ ላስተንፍስ?

መልስ፦ በፍጹም! ሲግል ግፊቱ መጨመሩ ያለ ነው፣ ልኩም ይህን አስቦ የተሠራ ነው። ካስተነፈስከው ሐረር ሲበርድ ይጎድላል። የጎደለ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይሄዳል፤ የሚያግለውም የሚያፈነዳውም እሱ ነው። ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ለካ። ልኩ የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ወረቀት ላይ አለ።

ጥያቄ፦ ተቀያሪው ጎማዬ መሬት ነክቶ አያውቅም። እሱም ያረጃል?

መልስ፦ ያረጃል። ላስቲክ ቁጭ ብሎም ይደርቃል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ዛሬውኑ አውጥተህ ቁጥሩን አንብብ፣ ንፋሱንም ለካ።