ያልተጠበቀ ስሕተት የት ይያዝ?

ጥያቄ፦ ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአፈር ማዳበሪያ ሥርጭት የሚመዘገብበት ሲስተም በኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን በሰርቨር ላይ በሚያስኬድ ፕሮግራም) እና በላዩ የዌብ ሲስተም በሚሠራበት በኤክስፕረስ 4 ሠርቻለሁ። በአብዛኞቹ ራውቶች (ለየአድራሻው ጥያቄ ምላሽ በሚሰጡ የኮድ ክፍሎች) ላይ ትራይ ካች (ስሕተት የሚይዝ የኮድ አጻጻፍ) ጽፌያለሁ፤ ሆኖም አልፎ አልፎ መዝጋቢዋ ዘንድ ገጹ መዞሩን ሳያቆም ይቀራል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የፋይል ስምና የመስመር ቁጥር የተደረደረበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣባታል። ያልተጠበቁ ስሕተቶችን በአንድ ቦታ መያዝ ይቻላል? ከኮዱ ጥቂቱን አያይዣለሁ።
ከቡሬ፣ ምዕራብ ጎጃም

መልስ፦ ይቻላል። ከላኩልን ኮድ እንደተረዳነው ገጹ የሚዞረው ትራይ ካች ስለጎደለ ሳይሆን፣ ብዙዎቹ ካቾች ስሕተቱን ኮንሶል ላይ ከመጻፍ በቀር ለብራውዘሩ ምንም ምላሽ ስለማይልኩ ነው። ከዚህ የባሰው ግን የቀሪ ማዳበሪያ መጠን በሚያሳየው ራውት ላይ ያለው ነው፤ ዳታቤዙ አልገኝ ሲል ካቹ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል፤ መዝጋቢዋም መጋዘኑ ባዶ መስሏት ገበሬውን ባዶ እጁን ልትሸኘው ትችላለች። የተበላሸ ገጽ ቢያንስ መበላሸቱን ይናገራል።

በመጀመሪያ የሚጠበቀውን ስሕተት ካልተጠበቀው ይለዩ። ገበሬው ከተፈቀደለት በላይ ዩሪያ ቢጠይቅ ወይም የአባልነት ቁጥሩ ባይገኝ፣ ይህ የሥራው አካል ነውና እዚያው ራውቱ ላይ በ422 (ጥያቄው ተቀባይነት የለውም) ወይም በ404 (አልተገኘም) ኮድ፣ ምን መስተካከል እንዳለበት ከሚገልጽ የአማርኛ መልእክት ጋር ይመለስ። የዳታቤዝ ግንኙነት መቋረጥን የመሰለውን ግን ራውቱ ሊያስተካክለው ስለማይችል፣ ሳይነካው ወደ ማዕከላዊው ስሕተት ያዥ ሊያሳልፈው ይገባል።

ኤክስፕረስ ይህን ያዥ የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በሚቀበላቸው ግቤቶች ብዛት ነው፤ ስሕተቱን፣ ጥያቄውን፣ ምላሹንና ኔክስትን (ሥራውን ለቀጣዩ የሚያሳልፈውን ፈንክሽን) በቅደም ተከተል የሚቀበል ባለ 4 ግቤት ሚድልዌር (በጥያቄና በምላሽ መካከል የሚሠራ ፈንክሽን) መሆን አለበት። «ኔክስትን አልተጠቀምኩበትም» ብለው ቢሰርዙት ግቤቶቹ 3 ይሆኑና ኤክስፕረስ እንደ ተራ ሚድልዌር ቆጥሮ ስሕተት ሲመጣ ያልፈዋል። ኮድ የሚፈትሹ መሣሪያዎች ጥቅም ላይ ስላልዋለ ግቤት ስለሚያስጠነቅቁ፣ ብዙ ሰው ሳያስበው የሚያጠፋው ይህንኑ ነው። ቦታው ደግሞ ከራውቶቹ ሁሉ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ትራይ ካቾቹን ዛሬውኑ ጠራርገው አያውጡ። በኤክስፕረስ 4 በአሲንክ ፈንክሽን (እንደ ዳታቤዝ ያለ የሚዘገይ ሥራን እየጠበቀ በሚሠራ) ውስጥ የተነሣ ስሕተት በኔክስት ካልተላለፈ ያዡ ዘንድ አይደርስም፤ ከኖድ 15 ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለው ያልተያዘ ስሕተት ፕሮሰሱን (በሥራ ላይ ያለውን ፕሮግራም) ራሱን ይዘጋዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስፕረስ 5 ማስተላለፉን በራሱ ስለሚሠራ፣ መሸጋገር ከቻሉ እሱን እንመርጣለን፤ ካልቻሉ እያንዳንዱን አሲንክ ራውት ስሕተቱን ለኔክስት በሚያቀብል አጭር ፈንክሽን ይሸፍኑት። በሴት ታይምአውት (ሥራን ለኋላ በሚቀጥር ፈንክሽን) ውስጥ የሚነሡት ግን በሁለቱም እትሞች በራሳቸው ወደ ያዡ አይሄዱም። ከዚህም ሁሉ ያመለጠ ስሕተት ቢኖር መዝግቦ ፕሮሰሱን መዝጋትና በሲስተምዲ ወይም በፒኤም 2 (የቆመን ፕሮግራም በራሳቸው በሚያስነሡ መሣሪያዎች) እንደገና ማስነሣት ይሻላል።

ያዡ ለእያንዳንዱ ስሕተት መለያ ቁጥር ይስጥ፤ ሙሉ ዝርዝሩን ከዚያ ቁጥር ጋር በሰርቨሩ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ላይ ይጻፍ፤ የይለፍ ቃልና የገበሬዎች ስልክ ቁጥር ግን አይግባበት። ለመዝጋቢዋ በ500 (የሰርቨር ስሕተት) ኮድ አጭር የአማርኛ መልእክትና ቁጥሩን ብቻ ይላክላት። የቁጥሩ ጥቅም በተለይ ለእኛ አገር ነው፤ እሷ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተበላሸ» ብላ ስትደውል፣ ስልክዎ 9፡00 ይላል፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) የሚጽፈው ሎግ ደግሞ 06፡00፤ ቁጥሩን ካነበበችልዎ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም። ምላሹ መላክ ከጀመረ በኋላ ስሕተት ቢነሣ ሌላ መልእክት ለመላክ አይሞክሩ፤ ለኔክስት ያሳልፉት፣ ኤክስፕረስ ግንኙነቱን ይዘጋዋል። የእንግሊዝኛው ዝርዝር የሚወጣብዎ ኖድ ኢንቭ (NODE_ENV) የሚባለውን ተለዋዋጭ ፕሮዳክሽን (production) ብለው ስላልሞሉት ነው፤ እሱን ዛሬ ያስተካክሉ።

ያዡ የማይሠራው አንድ ነገር አለ፤ ግማሽ መንገድ የደረሰን ሥራ ወደ ኋላ አይመልስም። ማዳበሪያው ከመጋዘን ሂሳብ ተቀንሶ በገበሬው ስም ሳይመዘገብ ግንኙነቱ ቢቋረጥ፣ መዝጋቢዋ ቁልፉን ደግማ ስትጫን ያው መጠን ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። ስለሆነም ቅነሳውና ምዝገባው በአንድ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብረው የሚጸኑበት ወይም አብረው የሚቀሩበት አሠራር) ውስጥ ይግቡ፤ የሚወጣላትም መልእክት «እንደገና ይሞክሩ» ከሚል «በዚህ ገበሬ ስም የተመዘገበ መኖሩን አይተው ይቀጥሉ» ቢል ይመረጣል።