ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ አልለቅ ያለ ሕመም፦ የሰመመን ሐኪሙ ይመልሳሉ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጡቴ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ቁስሉ ድኗል። ግን ብብቴና ክንዴ በውስጥ በኩል ያቃጥለኛል። ልብስ ሲነካኝ እንኳ ያመኛል። ቤት ውስጥ «ሐሳብ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ ሐሳብ አይደለም እህቴ። በብብት በኩል አልፎ ለክንድ የውስጥ ቆዳ ስሜት የሚሰጥ ቀጭን ነርቭ አለ። ከብብት ንፍፊት ሲወጣ ይሳባል፣ አንዳንዴም ይቆረጣል። የተጎዳ ነርቭ ቆዳው ከዳነ በኋላም ማቃጠሉን ሊቀጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሰፊ የዴንማርክ ጥናት ከታከሙ ሁለት ሦስት ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 47 በመቶው ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። በወጣቶችና ንፍፊታቸው በብዛት በወጣላቸው ላይ ይበረታል። ይህን ለቤተሰብሽ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አለባት። ብሎክ የሚሉት የነርቭ ማደንዘዣ ቢሰጣት ከዚህ ሕመም ትድናለች?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት በጣም ያቀልላታል። እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎችም በትንሹ ይበቋታል። ለወራት የሚቆየውን ሕመም ስለማስቀረቱ ግን ቃል አልገባልህም። ትንንሽ ጥናቶች ተስፋ ሰጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ከ2,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ግን ልዩነት አላገኘም። አከርካሪ አጠገብ ብሎክ የተሰጣቸውም፣ በጋዝ ሰመመን የታከሙትም፣ ከስድስት ወር በኋላ ግማሽ ያህሉ ጠባሳው አካባቢ ያማቸው ነበር። በዓመቱ ከሩብ በላይ። ካንሰሩ በመመለሱም ልዩነት አልታየም። እኔ ግን አሁንም ብሎክ እንዲሰጥ እመክራለሁ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሌሊት ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ አደጋስ የለውም?

መልስ፦ አልፎ አልፎ መርፌው የሳንባን ሽፋን ሊነካ ይችላል። በአልትራሳውንድ እያዩ መውጋት ይህን ይቀንሰዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አስቀድማ ትናገር።

ጥያቄ፦ ፓራሲታሞል አልረዳኝም። ካንሰሩ እንዳይመለስ ታሞክሲፌን የሚባል መድኃኒትም እወስዳለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለነርቭ ሕመም ፓራሲታሞል ብዙም አይረዳም። ማታ ማታ በትንሽ መጠን የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ብዙዎችን ይረዳል። ዱሎክሴቲንም አለ፤ ግን የታሞክሲፌንን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል ያለ ሐኪም እንዳትጀምሪው። ክንድሽን አታስቀምጪው፤ በየቀኑ ቀስ እያልሽ አንቀሳቅሺው። ሕመሙ አዲስ ቦታ ከወጣ፣ አጥንት ውስጥ ከገባ ወይም አዲስ እብጠት ካየሽ ግን ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ሄደሽ ታዪ።