ከመርከብ ወርዶ እስከ በረራ፦ የቀን ክፍል የት እንያዝ?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር የመርከብ ሽርሽር ልንሄድ ነው። በመጨረሻው ቀን መርከቡ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወደብ ይገባል። የመመለሻ በረራችን ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑን ሙሉ ሻንጣ እየጎተትን ከምንንከራተት ለቀኑ ብቻ ሆቴል እንያዝ ብለናል። ሦስት አማራጭ አለን፤ ወደቡ አጠገብ፣ መሃል ከተማና ኤርፖርቱ አጠገብ። ባለቤቴ «ከተማውን ሳላይማ አልሄድም» ብሏል። እናቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለውን ያዙ። ወደ ባለቤትዎ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ወደብና ኤርፖርት ሁልጊዜ ጎረቤት አይደሉም። ፍሎሪዳ ውስጥ ፎርት ሎደርዴል ላይ የሚወርድ ሰው በታክሲ ወዲያው ኤርፖርት ይደርሳል፤ ለእሱ የትም ቢያርፍ ለውጥ የለውም። «ሮም» ተብሎ የሚሸጠው የመርከብ ጉዞ ግን የሚያልቀው ቺቪታቬኪያ የምትባል የወደብ ከተማ ነው። ከዚያ እስከ ሮም ፊውሚቺኖ ኤርፖርት 60 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ይህን መንገድ ጠዋት ጨርሱት። ጠዋት መንገድ ቢዘጋጋ የምታጡት እንቅልፍ ነው፤ ማታ ቢዘጋጋ ግን አውሮፕላኑን ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። መርከቡ 12 ሰዓት ገባ ማለት 12 ሰዓት ወረዳችሁ ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚወርደው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። መንገዱን ጨምሩበትና 4 ሰዓት ገደማ ሆቴል ናችሁ። ለዓለም አቀፍ በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ነው፤ ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ኤርፖርት መሆን አለባችሁ። ከጠዋቱ 4 እስከ ማታ 12 ሰዓት የሚሰጥ ክፍል ልክ የናንተ ነው። እስከ 9 ሰዓት ብቻ የሚሰጥ ግን በርካሽ ዋጋው አያታልላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ሎቢ ላይ መቀመጥ ነው። (እኔ በኛ አቆጣጠር ጻፍኩት፤ የሆቴሉ ወረቀት ላይ 10:00 የሚል ካያችሁ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ነው።)

እኔ ሪሴፕሽን ላይ በሠራሁበት ዘመን በጣም የሚያሳዝኑኝ በጠዋት የሚመጡት ነበሩ። የተለመደ የአንድ ሌሊት ክፍል ኢንተርኔት ላይ ይይዛሉ። የሌሊት ክፍል የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሻንጣቸውን ምሰሶው ሥር ደርድረው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በየሩብ ሰዓቱ «አልደረሰም?» ይሉኛል። ምን ላድርግ? ሌሊት ያደረው እንግዳ ገና አልወጣም፤ ክፍሉም አልጸዳም። የኤርፖርት ሆቴል አንዱ ጥሩ ነገር እንግዳው ለንጋት በረራ ጨለማ ሳለ ስለሚወጣ በጠዋት የጸዳ ክፍል የማግኘት ዕድሉ ሰፊ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ስልክ ደውሉና ቁርጡን ጠይቁ፦ «4 ሰዓት ስመጣ ቁልፍ እጄ ይገባል ወይስ እጠብቃለሁ?» «ክፍሉ ካለ እናያለን» ካሉ ሌላ ሆቴል ፈልጉ። ሦስት ስለሆናችሁ ለስንት ሰው እንደሆነም አስረግጡ፤ የቀን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለሁለት ሰው ነው። በዕለቱ ጠዋት ጭምር ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቢሆን ደስ ይለኛል። ጭጋግ ወደብ ሲዘጋ መርከብ ውጭ ይቆማል።

ሻንጣን በተመለከተ፣ መርከቡ ላይ የመጨረሻው ምሽት ትልልቁን ሻንጣ ቀለም ያለው ወረቀት አስራችሁ በራችሁ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ የምታገኙት ጠዋት ወደቡ ላይ ነው። ቅያሪ ልብስ፣ ፓስፖርትና የእናትዎ መድኃኒት በእጅ ይሁን። ጠዋት የሚለብሰውን ከሻንጣው ጋር አስረክቦ በፒጃማ የቀረ ሰው አውቃለሁ። ሆቴሉ ስትደርሱ ደግሞ ጓዛችሁን እንደገና አደራጁ። ከመርከቡ የገዛችሁት ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ሽቶ ካለ ወደሚጫነው ሻንጣ ይግባ።

ባለቤትዎ ይሂዱ! እናትዎ አልጋ ላይ ጋደም ሲሉ፣ ሻንጣውም ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት፣ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ከተማ ደርሰው ይመለሳሉ። ከፊውሚቺኖ ለምሳሌ ፈጣኑ ባቡር ሮም መሃል በ32 ደቂቃ ያደርሳል። ሦስታችሁም ከተማ ሆቴል ብትይዙ ግን ማታ በሰው መውጫ ሰዓት፣ ከነሻንጣችሁ፣ ከነጉልበት ሕመሙ ታክሲ ልታሳድዱ ነው። 10 ሰዓት ላይ ይመለሱ በሏቸው፤ 11 ሰዓት ላይ መምጣታቸው አይቀርም፤ ያም ይበቃል።

«ኤርፖርት አጠገብ» የሚለውንም ዝም ብላችሁ አትመኑ። በእግር የሚገባበት አለ፤ በመኪና የሚኬድበትም አለ። የሆቴሉ ሰርቪስ በየስንት ደቂቃው እንደሚነሳና ነፃ መሆኑን ጠይቁ። ለእናትዎ ዊልቸር ከፈለጋችሁ የሚነገረው ለሆቴሉ ሳይሆን ለአየር መንገዱ ነው፤ ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ንገሩ። ያ ማለት ገና መርከቡ ላይ ሳላችሁ ነውና ከቤት ሳትወጡ ጨርሱት።