ስለ ገመዳችሁ ጠይቁኝ

ሰላም ወዳጆች። ዝናቡ ሲያቆም ገመድ ይዛችሁ ለመውጣት የተዘጋጃችሁ ብዙ ናችሁ። ጎንደር ዙሪያ ገደል ላይ በገመድ መውረድ የምትለማመዱ አላችሁ፤ እስከ ባሌ ሶፍ ዑመር ዋሻ ልትዘልቁ ያሰባችሁም አላችሁ። «ጥያቄ ካላችሁ አምጡ» ብዬ ነበር፤ የመጣውን በተቻለኝ መጠን ልመልስ።

ቅዳሜ ገበያ 40 ሜትር ገመድ በርካሽ አገኘሁ። አዲስ ይመስላል። ልግዛው?

ዕቃ ለመጫን ከሆነ ግዛው። ሰው ለመንጠልጠል ግን አይሆንም ወንድሜ። የናይለን ገመድ ትልቁ ችግር ጉዳቱን መደበቁ ነው። የመኪና ባትሪ አሲድ ከነካው ቀለሙ ሳይለወጥ፣ ሳይሸት፣ ሳይሻክር ውስጡ ያልቃል። እንፋሎቱ ብቻ እንኳ ሊጎዳው ይችላል።

በራሴ ደርሶብኛል። አንድ ጊዜ ወደ ደባርቅ ስንሄድ ገመዴን ከመኪናው ኋላ ከትርፍ ባትሪ ጎን ጫንኩት። ባትሪው እንደሚያንጠባጥብ ያወቅነው ስንደርስ ነው። ገመዱን ሜትር በሜትር ዳሰስኩት፤ ምንም የለውም። ልቤ ግን አላመነም። ቤት ስመለስ ከባትሪው ጎን የነበረውን ቦታ ቆርጬ ክብደት ጣልኩበት። በመጀመሪያው ብጥስ አለ። በዚያ ገመድ ልወርድ የነበረው ደባርቅ በደረስን ማግስት ነበር። ከዚያ ወዲህ የት እንደዋለ በማላውቀው ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ አላውቅም።

በእጅ መፈተሽ ታዲያ ምን ይጠቅማል?

በጣም ይጠቅማል። የማያሳየው ነገር አለ ማለት ምንም አያሳይም ማለት አይደለም። ገመዱ ሁለት ክፍል አለው፤ ውጫዊው ሽፋንና ክብደቱን በብዛት የሚሸከመው ልቡ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶችህ መሃል አሳልፈው። በየቦታው አጠፍ አድርገህ ቀለበት ሥራ። ቀለበቱ ክብ ሆኖ ከቆመ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ እንደ ወረቀት እጥፍ ካለ ልቡ ተጎድቷል። እብጠት፣ ጠፍጣፋ ቦታ፣ የቀለጠና የጠነከረ ሽፋን፣ ነጭ ልብ የሚያሳይ ቀዳዳ ካገኘህ እዚያው ላይ ቁረጠው። ወሬ እያወራህ አትፈትሽ። እኔ ስልኬን አጥፍቼ ነው የምሠራው።

ክብደት መጣሉን እኛም ልንሠራው እንችላለን?

ትችላላችሁ፤ ግን በጥንቃቄ። ከገመዱ 3 ሜትር ያህል ቁረጡ። በሁለቱም ጫፍ የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ቋጥሩና በመሃል አንድ ሜትር ገደማ ይቅር። አንዱን ጫፍ ከማይነቃነቅ ብረት ላይ እሰሩ። በሌላው 80 ኪሎ አንጠልጥሉ። እኔ ብየዳ ቤት ቁርጥራጭ ብረት አስበይጄ ነው የምጠቀመው፤ የአሸዋ ከረጢት ይቀደዳል። ክብደቱን እስከ ማሰሪያው ከፍታ አንስታችሁ ልቀቁት። አንድ ሜትር ገመድ ላይ አንድ ሜትር ወደቀ ማለት ነው። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ካልቻለ ገመዱን ጣሉት። ሰው ከሥሩም ከጎኑም አይቁም፤ ገመድ ሲበጠስ ይገርፋል።

አንድ ነገር አትርሱ። ፈተናው የሚናገረው ስለዚያች ቁራጭ ብቻ ነው። የኔን ገመድ አሲድ የነካው መሃሉን ነበር፤ ጫፉን ቆርጬ ብፈትን ኖሮ ያልፍ ነበር።

በበረኪና ልጠበው? ጭቃው አልለቅ ብሎኛል።

በፍጹም እህቴ! በረኪና ክሩን ይበላዋል። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ፣ ካስፈለገ ትንሽ ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ። የጭቃው አሸዋ በሽፋኑ ገብቶ ክሩን ከውስጥ ይከረክረዋልና መታጠቡ ግድ ነው። በተለይ ከሶፍ ዑመር ስትመለሱ። ዋሻው የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የፈለፈለው ስለሆነ ውሃና ደለል አይቀርላችሁም።

ማድረቂያው ጥላ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐያችን ናይለን ታቃጥላለች። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አታስጡት። ክረምት ላይ ቀናት ቢፈጅም ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስጠጉት። አዲስ ገመድ ደግሞ ከመጠቀማችሁ በፊት ዘፍዝፉት፤ ይሰበሰባል። 4 በመቶ ቢያጥር 50 ሜትር ያላችሁት 48 ነው።

ቋጠሮ ገመዱን ያደክመዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ገመድ ሲታጠፍ የውጭው ክር ይወጠራል፤ የውስጡ ይላላል። ሸክሙ በጥቂት ክር ላይ ይወድቃል። ብዙ ስለማይለጠጥ ገመድ የወጣው የአውሮፓ መስፈርት ኢኤን 1891 ራሱ ይህን ያውቃል። «ኤ» የሚባለው ዓይነት ገመድ ያለ ቋጠሮ 22 ኪሎኒውተን (አንዱ የ100 ኪሎ ሸክም ያህል ነው) እንዲችል ይጠየቃል፤ ጫፉ ሲቋጠር ግን 15። ስለዚህ የስምንት ቁጥሩን አሳምሩት። በቋጠሮው ውስጥ የተደረበው ገመድ ጎን ለጎን ይሂድ፤ አይጠላለፍ። ጅራቱ፣ ማለትም ከቋጠሮው የሚተርፈው ጫፍ፣ ከገመዱ ውፍረት 10 እጥፍ አይነስ። ከዚያ ከቋጠሮው የሚወጡትን አራቱንም የገመድ ዘርፎች አንድ በአንድ ሳቡ።

በታችኛው ጫፍ ላይም ሁልጊዜ ቋጠሮ ይኑር። ገመዱ መሬት ሳይደርስ አልቆ የወደቀ ሰው ብዙ ነው። ይህን እለምናችኋለሁ።

ደብረ ዳሞ ላይ መነኮሳቱ በጠፍር ይወጣሉ። እኛ ለምን እንዲህ እንጨነቃለን?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ገደሉ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ገመዱም የተጎነጎነ ቆዳ። ቆዳ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዓይን ያየዋል። ናይለን ከቆዳ በብዙ ይበረታል፤ ግን እንደ ቆዳ አይናገርም። እዚያ ደግሞ ገመዱ ከቦታው አይሄድም፤ ሰዎቹም ያውቁታል። የኛ ገመድ ግን ከሚኒባስ ወደ ሚኒባስ ይዞራል።

ገመዱ በሹል የባዝልት ድንጋይ ላይ ሲያልፍስ?

የከባድ መኪና ሸራ እጠፉና ከሥሩ አንጥፉ። ሸራውንም እሰሩት፤ ይንሸራተታል።

ያልተጠቀምኩበት ገመድ ስንት ዓመት ይቆያል?

ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ አትጠቀሙ ይላሉ፤ ጨርሶ ባይነካም። ዓመቱን ጫፉ ላይ በፕላስተር ለጥፉ።

ጓደኛዬ ገመዴን ሊዋስ ይፈልጋል። እምቢ ማለት ይከብዳል።

ይገባኛል፤ አገራችን ነው። እኔ ገመዱን ብቻውን አልሰጥም፤ አብሬ እሄዳለሁ። መሄድ ካልቻልክ ሲመልስ ደብተርህን ይዘህ ጠብቀው። የት ዋለ? ምን ነካው? ማን ወደቀበት? ምን ጋር ተጫነ? የነገረህን ከነቀኑ ጻፍ። «እኔ እንጃ» ካለህ አትቆጣው፤ ገመዱን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ሥራ አውጣው።