«ሲስተሙ አሁን የት ነው?» ሲሉሽ

«ስሜ ይቆይ» ላልሽው እህቴ፦

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት የካርድ ካታሎግ ኮሃ ወደተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ለማስገባት ስምንት ወር ለፋችሁ። 4,000 ያህል መጽሐፍ ከገባ በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨር የተባለው ዴስክቶፕ አልነሳ አለ፤ ባክአፑም (መጠባበቂያ ቅጂው) እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ካርዱ ተመለሰ። ባለፈው ወር ቃለ መጠይቅ ላይ «ሲስተሙ አሁን የት ነው?» ሲሉሽ አንገትሽን ደፋሽ፤ አሁን ደግሞ ሥራውን ከነጭራሹ ከሲቪሽ ልታወጪው ነው።

እንዳታወጪው።

ከጠረጴዛው ወዲህ ማዶ ሆኜ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። ሲቪው ሁሉ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል። እንደ ሲቪዎቹ ቢሆን ኖሮ አቧራ የለበሰ፣ ቁልፉ የጠፋበት የኮምፒዩተር ክፍል ባላየን ነበር። አንድ ሰው «እኛ ጋ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው» ብሎ ቢነግረኝ ያን ዕለት እቀጥረው ነበር።

የብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ጠላፊዎች ተመታ። ገንዘብ አንከፍልም አለ፤ የተሰረቀው መረጃ ተለቀቀ፤ ካታሎጉ እንኳ ለወራት ጠፋ። በዚያው ዓመት የካቲት ማብቂያ ላይ ግን የደረሰበትን ሁሉ በዘገባ አወጣው፦ ሲስተሞቹ ማርጀታቸውን፣ ከውጭ የሚገባበት አንዱ በር ከይለፍ ቃል ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ ያልነበረው መሆኑን። የዲጂታል ስብስቡ ቅጂ ነበራቸው፤ ቅጂውን መልሰው የሚጭኑበት አስተማማኝ መሣሪያ ነው ያጡት። ያንቺን ታሪክ አይመስልም? እነሱ ካላፈሩ አንቺ ምን ያሳፍርሻል?

ስለዚህ ሁለት ገጽ ጻፊ። ምን ተሰጣችሁ፣ የት ተሰናከላችሁ፣ ዛሬ ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር። በደብዳቤሽ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ለእኔ ወርቅ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን 600 መዝገቦች እንደገና ሠራችኋቸው፤ ምክንያቱም «አበበ በቀለ»ን ፈረንጆቹ እንደሚያደርጉት «በቀለ፣ አበበ» ብላችሁ አስገብታችኋል። የኛ ሰው በራሱ ስም ነው የሚፈለገው፤ ኮምፒዩተር የመጽሐፍ መዝገብ በሚይዝበት ቅርጽ፣ በማርክ፣ የደራሲው ስም በሚገባበት 100 መስክ የመጀመሪያው አመልካች 1 (በቤተሰብ ስም) ሳይሆን 0 (በራስ ስም) መሆን ነበረበት። ይህን ለማወቅ ስንት ቀን ፈጀባችሁ? ጻፊው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ ያን ያህል ቀን አያባክንም። «ፀሐይ» ተብሎ የገባውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ ባዶ እጁን መመለሱንም ጻፊ። አርእስቱን እንደ ሽፋኑ ትታችሁ ሌላውን አጻጻፍ የአርእስት አማራጮች በሚገቡበት 246 መስክ ላይ ማከላችሁ ትክክል ነበር።

ባክአፑን በተመለከተ ራስሽን አትገርፊ፤ ግን አትሸፋፍኚውም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም በብዛት መነሳት ሲጀምሩ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ዋናው ነገር ያ ነው፦ ሌላ ዲስክ፣ ሌላ ሕንፃ፤ ደግሞም በየጊዜው «እስቲ ይመለስ» ብሎ መሞከር። ቃለ መጠይቁ ላይ እንዲህ በያቸው፦ «ሲስተሙ የለም። ለምን እንደሌለ ግን በሁለት ገጽ ጽፌዋለሁ፤ ይኸው።»

«ካካፈልኩ ሌላው ይወስድብኛል» ያልሽው አያሳስብሽ። ኮሃ ራሱ ከኒውዚላንድ በነጻ የተሰጠ ነው፤ በማኦሪ ቋንቋ ትርጉሙ ስጦታ ነው። እንግሊዝኛሽ ካስጨነቀሽ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊው። እቀጥላለሁ ያልሽውን ማስተርስ ለአሁኑ ተይው።

አጎትሽ ባንክ ቦታ ይዘውልሻል፤ ሙዚየም ያቀረበልሽን የአንድ ዓመት የስካን ኮንትራት ደግሞ «የጡረተኛ ሥራ» ብለውታል። አጎትሽን አክብሪ፤ ጠዋት ተነስታ ሥራ የምትገባው ግን አንቺ ነሽ። የሙዚየሙ ደሞዝ የባንኩ ግማሽ ነው፣ ይህን አላቃልለውም። የወር ወጪው በአንቺ ላይ ቢሆን ኖሮ ባንኩን ያዢ እልሽ ነበር። ግን የምትኖሪው እናትሽ ቤት ነው፤ «ከእኔ ምንም አይጠብቁም» ያልሽውም አንቺው ነሽ። ታዲያ ቸኩለሽ የምታስደስቺው ማንን ነው? እኔ የመጀመሪያ ደሞዜን የተቀበልኩት የካታሎግ ካርድ በአማርኛ ታይፕ እየመታሁ ነው፤ አባቴ ለሁለት ዓመት ያህል ሥራዬን ለጎረቤት አልተናገረም። ኮንትራቱን ያዢ። ከመፈረምሽ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የተነሳው ምስል የት ይቀመጣል? የፋይሉን ስም የሚሰጠውስ ማነው? መልስ ከሌላቸው ሁለት ገጽሽን ያኔ አውጪ።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽልኝም። ያ ዴስክቶፕ የት ደረሰ? ብዙ ጊዜ መብራቱ የሚያቃጥለው ለኮምፒዩተሩ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል፣ ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ ዲስኩ ደህና ሊሆን ይችላል። ንብረት ክፍል ካልጣለው ነገ ሄደሽ ጠይቂ፤ በሌላ ማሽን ላይ ሰክተሽ ሳታዪው «ጠፋ» አትበይ።